የሥራ ጓድ በጋራው ሞገድ ላይ

ለዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን የመረጥነው ነገር በአሜሪካ፣ ይልቁንም በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ለምትኖሩት ወገኖቻችን እንግዳ አይደለም፤ ከእናንተ መካከል በመኪና ማቆሚያ፣ በሆቴል፣ በመጋዘን ወይም በሕንፃ ሥራ ላይ ተሰማርቶ እንጀራውን የሚያገኝ ሰው፣ ከቀበቶው አንጠልጥሎ የሚውላትን፣ ሊናገር ሲሻ ጎኗን የሚጫናትን፣ ሊያዳምጥ ሲሻ የሚለቃትን፣ በተለምዶ ዎኪ ቶኪ የምትባለውን ትንሽ የእጅ ሬዲዮ ሳያውቃት አይቀርምና። ነገራችን ይህች ሬዲዮ ያለ ፈቃድ በምትሠራባቸው የጋራ ቻናሎች ላይ የሥራ ጓዶች በማወቅም ባለማወቅም ስለሚያደርሱት መታወክ ነው፤ ከሁለቱ ባለማወቅ የሚደርሰው እጅግ ስለሚበልጥ፣ አብዛኛውን ጊዜያችንን የምንሰጠው ለእርሱ ይሆናል። የምንጠቅሳቸውም ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

የሬዲዮ ሞገድ በባሕርዩ ወሰንና አጥር የማያውቅ ስለሆነ፣ መንግሥታት ሁሉ ይህ ለመርከብ፣ ይህ ለጦር ሠራዊት፣ ይህ ለማሠራጫ ጣቢያ እያሉ ሲደለድሉት ኖረዋል፤ ተራው ሰው ግን ለብዙ ዘመን ከድልድሉ የሚቆጠር ድርሻ አልነበረውም። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተፈጸመበት በ1945 ዓመት ግን የአሜሪካ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ለዜጎች የሚሆን የሬዲዮ አገልግሎት ለማቋቋም ተነሣ፤ ከጦርነቱ በፊት የእጅ ሬዲዮ ከሠሩት ቀዳሚዎች አንዱ የነበረው አልፍሬድ ግሮስም ለዚሁ አገልግሎት የሚሆኑ መሣሪያዎችን ሠርቶ ለገበያ አቀረበ። ነገሩ በእውነት ወደ ሕዝብ የወረደው ግን በ1958 በ27 ሜጋኸርዝ አካባቢ ያለው ሞገድ በተከፈተ ጊዜ ነው፤ ይኸውም እስከ ዛሬ ሲቢ እየተባለ የሚጠራው ነው።

በ1973 የነዳጅ እጥረት ደርሶ፣ በማግሥቱም ዓመት የመኪና ፍጥነት በሰዓት ከ55 ማይል እንዳይበልጥ በታዘዘ ጊዜ፣ የጭነት መኪና ነጂዎች ነዳጅ የሚገኝበትን ማደያና ፖሊስ የቆመበትን ስፍራ በሲቢ እየተነጋገሩ አገር ያቋርጡ ጀመር፤ ከዚያም ነጂ ያልሆነው ሁሉ በወሬው ፍቅር እየተሳበ ሬዲዮ ገዛና ሞገዱን አጥለቀለቀው። ኮሚሽኑ በ1977 ቻናሎቹን ከ23 ወደ 40 ከፍ ቢያደርግም መጨናነቁ አልቀነሰም፤ በ1983 ደግሞ ፈቃድ መስጠቱን ጨርሶ ተወው። ደንቡ አንድ ውይይት ሳይቋረጥ ከ5 ደቂቃ እንዳይበልጥ፣ ከዚያም በኋላ 1 ደቂቃ በአርምሞ እንዲቆይ ያዝዛል፤ ሰዓት ይዞ የሚቆጥርለት ሰው በሌለበት ግን ይህን ትእዛዝ የጠበቀው ቢፈለግ ጥቂት ነው። ሲቢን ያነሣነው ታሪክ ለማብዛት አይደለም፤ ለሁሉ የተተወ ሞገድ በጨዋነት ካልተያዘ መጨረሻው ምን እንደሚመስል አሜሪካ አንድ ጊዜ ስላየችው ነው።

ዛሬ በየሱቁ ጥንድ ጥንድ ሆና የምትሸጠው ትንሽ ሬዲዮ የምትሠራበት ፋሚሊ ሬዲዮ ሰርቪስ የሚባለው አገልግሎት ነው። ይህ በ1996 ሲቋቋም የታሰበው፣ ስሙም እንደሚያመለክተው፣ በመናፈሻ ወይም በገበያ አዳራሽ የተለያየ ቤተሰብ እርስ በርሱ እንዲፈላለግ ነበር፤ ቻናሎቹ 14፣ ኃይሉም ከግማሽ ዋት የማይበልጥ ነበር። በ2017 ደንቡ ተሻሽሎ ቻናሎቹ 22 ሆኑ፤ ከ1 እስከ 7 እና ከ15 እስከ 22 ባሉት ላይ እስከ 2 ዋት ተፈቀደ፤ ከ8 እስከ 14 ያሉት ግን በዚያው በግማሽ ዋት ቀሩ። ፈቃድ አይጠየቅበትም፤ ክፍያም የለበትም። ለቤተሰብ ይሁን እንጂ ለሥራ የሚጠቀምበትንም ሕጉ አልከለከለም፤ ስለዚህ ጣራ የሚያለብሱት፣ ዛፍ የሚቆርጡት፣ መንገድ የሚጠግኑት፣ መኪና የሚያቆሙት ሁሉ ርካሽነቱን አይተው ወደ እርሱ ጎረፉ። በዚህ አንወቅሳቸውም። ቤተሰብ በሳምንት አንድ ጊዜ ለሩብ ሰዓት የሚያነሣትን ሬዲዮ የሥራ ጓድ ከማለዳ እስከ ማታ፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ እንደሚናገርባት ግን መዘንጋት የለበትም፤ ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ሬዲዮዋን በእጃችሁ ይዛችሁ መስኮቷን ብትመለከቱ ብዙውን ጊዜ ሁለት ቁጥሮች ታያላችሁ፤ ትልቁ የቻናሉ ቁጥር ሲሆን፣ በጎኑ ያለው ትንሹ ደግሞ የኮዱ ቁጥር ነው። ፎርማኑ ጠዋት ሬዲዮዎቹን ሲያድል «ቻናል 5፣ ኮድ 12 አድርጉ» ይላል፤ ሠራተኞቹም እንደታዘዙት ያደርጋሉ፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ከጓዳቸው በቀር የማንም ድምፅ ስለማይሰማቸው፣ ቻናሉ የብቻቸው የሆነ፣ ንግግራቸውም ከባዕድ ጆሮ የተሰወረ ይመስላቸዋል። ሁለቱም ስሕተት ነው።

ኮድ የሚባለው ነገር ከድምፃችሁ ጋር ተደባልቆ የሚላክ፣ ከ67 እስከ 254 ኸርዝ ገደማ የሚደርስ ዝቅ ያለ የማያቋርጥ ቃና ነው፤ ወይም በአዳዲሶቹ መሣሪያዎች በዚያው ስፍራ የሚላክ የቁጥር ምልክት ነው። ተቀባዩ ሬዲዮ ይህን ቃና ለሰው ጆሮ ሳያሰማ አጣርቶ ያስቀረዋል፤ ነገር ግን ቃናው መኖሩን ካላረጋገጠ በቀር ድምፅ ማጉያውን አይከፍትም። እንግዲህ የኮዱ ሥራ ይህ ብቻ ነው፤ የራሳችሁን ሬዲዮ ጆሮ መዝጋት። አንደበታችሁን አይሸፍነውም፤ ንግግራችሁን ኮዱን ያጠፋ ሰው ሁሉ ጥርት አድርጎ ይሰማዋል። ሞገዱንም አይከፍለውም፤ በቻናል 5 ላይ 38 ኮዶች ቢኖሩ የሞገዱ መንገድ ያው አንድ ነው። ኮድ አስገብቶ ያለ ማጣራት የሚናገር ሰው፣ ጉባኤ መካከል ተቀምጦ ጆሮውን በጥጥ ከደፈነ በኋላ፣ ሁሉ ዝም ብሏልና ተራው የእኔ ነው ብሎ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚጀምረውን ሰው ይመስላል።

ከዚህ የተነሣ በአንድ ቻናል ላይ፣ በሁለት ልዩ ልዩ ኮዶች፣ በአንድ መንደር ውስጥ የሚሠሩ ሁለት ጓዶች ለወራት ያህል ሳይተዋወቁ እርስ በርሳቸው ሊበዳደሉ ይችላሉ። አንዱ ጓድ በሚናገርበት ጊዜ የሌላው ሬዲዮዎች ድምፅ አያወጡም፤ ሞገዱ ግን በአንቴናቸው ይገባል፤ በዚያችው ቅጽበት የራሳቸው ባልደረባ ቢጠራቸው ጥሪው ወይ ተቆራርጦ ይደርሳል ወይ ከነጭራሹ ይቀራል። ሠራተኛው ባትሪው ደክሟል ይላል፤ ፎርማኑ የተገዛው ሬዲዮ የማይረባ ነው ይላል። አንዳንዱም ሬዲዮ ቻናሉ በተያዘ ጊዜ ትንሽ መብራት ስለሚያበራ፣ ማንም ሳይናገር መብራቱ ብልጭ ሲል ያየ ሰው ሌላ ሰው በቻናሉ ላይ እንዳለ ሊያውቅ በቻለ ነበር፤ ነገር ግን በሥራ ጥድፊያ መካከል ማን መብራት ይመለከታል።

የሞገዱንም ጠባይ ጥቂት እንመልከት። በነዚህ ሬዲዮዎች ላይ ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ሲናገሩ፣ በአንድ ክፍል ውስጥ እንደሚነጋገሩ ሰዎች ሁለቱም ድምፅ ተደባልቆ አይሰማም፤ በኃይል የበለጠው ሌላውን ፈጽሞ ይውጠዋል፤ ኃይላቸው ተቀራራቢ ሲሆን ደግሞ ሁለቱም ተበላሽተው እንደ ጩኸትና እንደ መንቀጥቀጥ ያለ ነገር ይሆናሉ። ኃይል ሲባል የዋት ብዛት ብቻ አይደለም፤ ቅርበትና ከፍታ ከዋት ይበልጣሉ። ሞገዱ ርዝመቱ 65 ሳንቲሜትር ገደማ የሆነና በአብዛኛው ቀጥ ብሎ የሚሄድ ነውና፣ በከተማ ግንቦች መካከል መሬት ላይ ቆሞ የሚናገር ሰው 1 ኪሎ ሜትር ያህል ከደረሰለት ዕድለኛ ነው፤ በካርቶኑ ላይ የሚታተመውን 30 ማይል ወይም ከዚያ በላይ የሚለውን ተስፋ ነጋዴው ይወቀው። ያው ሰው ያችኑ ሬዲዮ ይዞ 100 ሜትር ከፍታ ባለው ሕንፃ ጣራ ላይ ቢወጣ ግን፣ ከለላ በሌለበት አቅጣጫ የሞገዱ አድማስ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋለታል። እርሱ ከታች ካለው ረዳቱ ጋር ስለ ሲሚንቶና ስለ ብረት ሲነጋገር፣ ድምፁ በሥሩ የተዘረጋውን ሠፈር ሁሉ ያዳርሳል፤ እርሱ ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ይህ ሁሉ ሰላምታ ለመለዋወጥ ለሚፈልጉ ሰዎች ከመሰላቸት አያልፍም ይሆናል። በሥራ ቦታ ግን ነፍስ ያለበት ጉዳይ ነው። መንገድ ሲጠገን አንዱ መሥመር ተዘግቶ መኪናዎች በቀረው መሥመር በተራ ሲተላለፉ አይታችኋል፤ በሁለቱ ጫፍ ላይ ምልክት ይዘው የቆሙት መኪና አሳላፊዎች፣ በመካከላቸው ኩርባ ወይም ኮረብታ ካለ አይተያዩም፤ የሚተማመኑት በሬዲዮዋ ብቻ ነው። «የመጨረሻዋ ነጭ መኪና ናት፣ እርሷ ካለፈች ልቀቅ» የሚለው ቃል ካልደረሰ፣ ወይም ከሌላ ጓድ የመጣ ባለቤቱ ያልታወቀ «እሺ፣ ልቀቅ» የሚል ድምፅ ጣልቃ ከገባ፣ ሁለት የመኪና ሰልፍ በአንድ ጠባብ መሥመር ላይ ፊት ለፊት ይገናኛል። በዚህ ላይ አማርኛ ለሚነጋገሩ ሰዎች የሚጠቅም አንድ ምክር አለን። ሬዲዮ ቁልፉ በተጫነበት የመጀመሪያ ቅጽበት፣ በተለይም ኮድ ሲኖር ተቀባዩ ቃናውን እስኪያውቀው ድረስ፣ የንግግሩን የመጀመሪያ ፊደላት ይቆርጣል፤ «አትልቀቅ» ያለው ሰው ቃሉ ራሱ ተቆርጦ «ልቀቅ» ሆኖ ሊደርስለት ይችላል። ስለዚህ ቁልፉን ተጭኖ አንድ ትንፋሽ ያህል ከታገሡ በኋላ መናገር፣ የሚከለክለውንም ነገር «ቁም» በሚል አጭርና ቢቆረጥ እንኳ ትርጉሙ በማይገለበጥ ቃል መናገር ይገባል፤ ሰሚውም የሰማውን ደግሞ ይመልስ።

ክሬን ባለበት ሥራ ላይ ሕጉ ራሱ ይናገራል። በ2010 የወጣው የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ደንብ፣ ለክሬን ነጂ በሬዲዮ ምልክት የሚሰጥ ከሆነ፣ መሣሪያው ሥራ ከመጀመሩ በፊት በዚያው ቦታ እንዲፈተን፣ ምልክቱ ለዚሁ ሥራ በተለየ ቻናል እንዲተላለፍ፣ ነጂውም እጁን ሳያንቀሳቅስ እንዲሰማ ያዝዛል፤ ግንኙነቱ ከተቋረጠም እስኪመለስ ድረስ ነጂው ሥራውን በደኅና ማቆም አለበት። ማንም ሕፃን ልጅ በጓሮው ሆኖ ሊናገርበት የሚችለውን ቻናል ለዚህ ሥራ የተለየ ነው ብሎ የሚከራከር ሰው ካለ፣ ክርክሩን የተንጠለጠለው ብረት ሥር ቆሞ ቢያደርገው እንወዳለን።

ሌላው የመታወክ ምንጭ ኃይል ፍለጋ ነው። ትንሿ ሬዲዮ አልደርስ ያለችው ጓድ ብዙ ጊዜ ኃይለኛውን ይገዛል፤ ያም በአብዛኛው ጂ.ኤም.አር.ኤስ. ለሚባለው፣ ፈቃድ ለሚጠይቀው አገልግሎት የተሠራ ነው። ፈቃዱ ፈተና የለውም፤ 35 ዶላር ተከፍሎበት ለ10 ዓመት ይሠራል፤ ነገር ግን የሚሰጠው ለሰው እንጂ ለድርጅት አይደለም፤ የሚሸፍነውም የባለ ፈቃዱን ቤተሰብ እንጂ ቅጥር ሠራተኞቹን አይደለም። ከዚህም በላይ ከ15 እስከ 22 ባሉት ቻናሎች ላይ ባለ ፈቃዶቹ በኮረብታና በከፍተኛ ሕንፃ ላይ የተከሏቸው፣ ደካማውን ድምፅ ተቀብለው እስከ 50 ዋት በሚደርስ ኃይል መልሰው የሚያሠራጩ ጣቢያዎች ይናገራሉ። በነዚህ ቻናሎች ላይ ቀኑን ሙሉ የሚያወራ የሥራ ጓድ በዙሪያው ያሉትን የነዚህን ጣቢያዎች አድማጮች ያውካል፤ በአጸፋውም ጣቢያው ሲናገር የእርሱ ሬዲዮዎች ይዋጣሉ። ያለ ዕውቀት ከሚመረጡት ቻናሎች ሁሉ የባሱት እነዚህ ናቸው።

ስለ ተጣበቀ ቁልፍ ደግሞ ምን እንበል? ሬዲዮዋን በመኪና መቀመጫና በበር መካከል ሸጉጦ የሚነዳ ሠራተኛ ቁልፏ ተጭኖ ሳያውቅ የሞተሩን ድምፅ፣ የሚሰማውን ሙዚቃ፣ ከባለቤቱ ጋር በስልክ የሚነጋገረውን ሁሉ በቻናሉ ላይ ያሠራጫል፤ ያን ጊዜ በዙሪያው ማንም ሰው መነጋገር አይችልም፤ እርሱንም በዚያችው ሬዲዮ ሊያስጠነቅቀው የሚችል የለም፣ የሚናገር ሬዲዮ አያዳምጥምና።

እንግዲህ የሕጉ ቃል ምን ይላል? በነዚህ የጋራ ቻናሎች ላይ ማንም ብቸኛ ባለመብት አይደለም፤ ቀድሞ የገባ ነኝ ብሎ ሌላውን ማስወጣት አይቻልም፤ ተጠቃሚዎች ቻናል በመምረጥና በመጠቀም ረገድ ሊተባበሩ ይገባል፤ የአደጋ ጥሪ ከሁሉ ይቀድማል፤ ማንም ሰው ከመናገሩ በፊት በቻናሉ ላይ ሌላ ንግግር መኖር አለመኖሩን በማዳመጥ መታወክን የመከላከል ግዴታ አለበት። በኮዱ ምክንያት የሚሻረው ይህ የመጨረሻው ግዴታ ነው። ለዚህም መድኃኒቱ በሬዲዮዋ ላይ አለ፤ አብዛኞቹ ኮዱን ለጊዜው የሚያነሣ ቁልፍ አላቸው፤ ያን ሲጫኑት ፍሽሽ የሚል ድምፅ ብቻ ከተሰማ ቻናሉ ባዶ ነው፤ የሰው ድምፅ ከተሰማ ደግሞ እንግዳው እናንተ ናችሁ። ፎርማኑ ሬዲዮዎቹን ከማደሉ በፊት ኮዱን አጥፍቶ ለጥቂት ደቂቃ በየቻናሉ ቢያዳምጥ፣ ባዶ ሆኖ ያገኘውን ቢመርጥ፣ አጭር ርቀት ለሚበቃው ሥራ ከ8 እስከ 14 ያሉትን ግማሽ ዋት ቻናሎች ቢይዝ፣ ጣራ ላይ የሚወጣው ሰው ሬዲዮዋ የምትፈቅድ ከሆነ ኃይሏን ዝቅ ቢያደርግ፣ ከጭቅጭቁ አብዛኛው ሳይወለድ በቀረ ነበር። ጨዋታና ወግ ያማረው ሠራተኛ ስልክ አለው።

የታወከውስ ወገን ምን ያድርግ? ብዙ ሰው ቁልፉን ተጭኖ መሳደብ ይቀናዋል፤ ይህ ኃጢአት ብቻ ሳይሆን ከንቱ ድካም ነው፤ የዚያ ጓድ ሬዲዮዎች በኮድ ተዘግተዋልና ስድቡን አይሰሙትም። የሚሻለው ጥቂት ጊዜ አዳምጦ ስለ ምን ሥራ እንደሚነጋገሩ መገንዘብ፣ በአካባቢው ክሬን ወይም የተዘጋ መንገድ ካለ ወደዚያ በእግር ሄዶ ፎርማኑን በትሕትና ማነጋገር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሰውየው ሌላ ሰው በቻናሉ ላይ መኖሩን ፈጽሞ አያውቅም፤ ሲነገረው ቻናሉን ለመቀየር የሚወስድበት ጊዜም ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም።

ይሁን እንጂ ሥራው ራሱ የማይቋረጥ ግንኙነት የሚፈልግ ሲሆን፣ የእኛ ፍርድ የማያሻማ ነው። ከሥራው ትርፍ የሚያገኝ ጌታ የሠራተኞቹን ደኅንነት በነፃ ሞገድ ላይ ማንጠልጠል አይገባውም፤ ለንግድ ሥራ ተብሎ የተለየ፣ በአስተባባሪ ድርጅት በኩል ተጠንቶ የሚሰጥ፣ እስከ 10 ዓመት የሚጸና ፈቃድ አለ፤ ከቦታ ወደ ቦታ ለሚዘዋወሩ ሥራ ተቋራጮችም የተመደቡ ድግግሞሾች አሉ። በመካከልም በ2000 ለሕዝብ የተከፈቱ፣ 151 እና 154 ሜጋኸርዝ አካባቢ ያሉ፣ 2 ዋት የሚፈቀድባቸው 5 ቻናሎች አሉ። ሁሉም ቀድሞ ለንግድ ሥራ የተመደቡ ነበሩ፤ ከእነዚህ ሁለቱ በሬዲዮው ላይ በሚለጠፈው ክብ ምልክት ምክንያት አንዱ ሰማያዊ ነጥብ፣ ሌላው አረንጓዴ ነጥብ ይባሉ ነበር። ትላልቅ መደብሮች ዛሬም ስለሚጠቀሙባቸው በገበያ አዳራሽ አጠገብ ባዶ ሆነው ላይገኙ ይችላሉ፤ ዛፍና ገላጣ ሜዳ በሚበዛበት ቦታ ግን ደኅና ይደርሳሉ።

ከመሰናበታችን በፊት ስለ ጉዞ አንድ ነገር እንጨምር። በአሜሪካ ያለ ፈቃድ የተፈቀደች ሬዲዮ በሌላ አገርም ሁሉ ተፈቅዳለች ማለት አይደለም። አውሮፓ ለዚህ አገልግሎት የመደበው ከ446 እስከ 446.2 ሜጋኸርዝ ያለውን ሲሆን ኃይሉም ግማሽ ዋት ነው፤ ይኸው ሞገድ በአሜሪካ የአማተር ሬዲዮ ሰዎች ድርሻ ስለሆነ፣ ከስቶክሆልም ወይም ከፍራንክፈርት ዘመድ የላከላችሁን ሬዲዮ በሜሪላንድ የሥራ ቦታ ላይ ማብራት ሕግ መጣስ ነው፤ የዚያም ተቃራኒው እንዲሁ ነው። ወደ ኢትዮጵያ ለምትሄዱና ለዘመድ የሕንፃ ሥራ ይጠቅማል ብላችሁ ጥንድ ሬዲዮ በሻንጣ ለምትይዙም፣ በአገራችን የሬዲዮ ሞገድ የሚያስተዳድረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 (ይህ ዓመት ብቻ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ስለሆነ፣ ዕቃው ከመገዛቱ በፊት ጥያቄው ለእርሱ ይቅረብ፤ በጉምሩክ ጠረጴዛ ላይ መከራከር አድካሚ ነውና።